ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ወይስ ካኖን አር6? መጀመሪያ ቦርሳችሁን ገልብጡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በሰርግ፣ በመልስና በምርቃት ሥራ የሚተዳደር ፎቶግራፈር የድሮ ካሜራውን በሚረርለስ (ውስጡ መስታወት በሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) ልቀይር ብሎ ሲነሳ፣ ገንዘቡ ለአዳዲሶቹ ሞዴሎች ካልበቃ ምርጫው ብዙ ጊዜ በሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ላይ ያርፋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው፤ ሌላው በ2020 የወጣው ካኖን አር6። ሁለቱም ባለሙሉ ፍሬም ናቸው (ሴንሰራቸው የ35 ሚሜ ፊልም ያህል ስፋት አለው)፣ ሁለቱም ሁለት ሚሞሪ ይይዛሉ፣ የሁለቱም ቀፎ (ያለ ሌንስ የካሜራው አካል) ውስጥ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን የሚያረጋጋ ስርዓት አለ። በክብደት እንኳ ባትሪና ካርድ ጨምሮ ሶኒው 650 ግራም፣ ካኖኑ 680 ግራም ነው። ስለዚህ ሰው የሚያወዳድረው ነገር ሲያጣ ወደ ሜጋ ፒክስል ይሮጣል፤ 24 ከ20 ይበልጣል ይልና ይወስናል።

የሜጋ ፒክስሉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፣ ብዙ ጊዜ ሊወስድብን አይገባም። ሶኒው የሚሰጠው ምስል 6000 በ4000 ነው፣ ካኖኑ 5472 በ3648። ሳሎን ላይ የሚሰቀለው 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ሲታተም ሶኒው ላይ በኢንች 203 ነጥብ ገደማ ይደርሳል፣ ካኖኑ ላይ 185 ገደማ። ግድግዳ ላይ ሆኖ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም። ለአልበም ደግሞ ሁለቱም ይተርፋሉ። ልዩነት የሚያመጣው አንድ ሰው ከብዙ ሕዝብ መሀል ተቆርጦ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥቂቱ።

የኔ አቋም አጭር ነው። ቀፎ ከመምረጣችሁ በፊት ቤት ያለውን ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባትሪና ኤዲት የምታደርጉበትን ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የካሜራ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደከበደ ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በቀፎው ላይ ያተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ሲገዛ ደብል አድርጎ እንዳይመልሰው መጠንቀቅ አለበት።

ነጥቡ ነጭ ነው ወይስ ቀይ?

የአገራችን ፎቶ ቤቶች ለረጅም ጊዜ በካኖን ዲኤስኤልአር ሲሠሩ ስለኖሩ ብዙ ሰው እጅ ያለው የኢኤፍ ሌንስ ነው። የካኖን 5ዲ ማርክ 2፣ 5ዲ ማርክ 3፣ 6ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ የነበረው ሰው ቦርሳው ውስጥ ቢያንስ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 አያጣም፤ ሥራው የሰመረለት ደግሞ 24-70 እና 70-200 ኤፍ 2.8 ይኖረዋል። እነዚህ ሌንሶች አር6 ላይ የሚገጠሙት ካኖን ራሱ በሠራው አዳፕተር ነው። የድሮው የኢኤፍ ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ድረስ 44 ሚሊ ሜትር ርቀት ነበረው፤ የአዲሱ አርኤፍ ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ነው። አዳፕተሩ የሚሞላው የ24 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ መስታወት የለበትም። ስለዚህ ምስሉን አያደበዝዝም፣ ብርሃን አይቀንስም። የፎከስና የአፐርቸር ትእዛዝ የሚያልፈው በውስጡ ባሉት የብረት ነጥቦች ነው፣ ሌንሱም ልክ ለዚያው ካሜራ እንደተሠራ ይሠራል። እንዲያውም ያ ማረጋጊያ የሌለው የድሮ 50 ሚሜ፣ ቀፎው ራሱ ስለሚያረጋጋለት፣ ዲኤስኤልአሩ ላይ ከነበረው የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የካኖን ሌንስ ሁለት ዓይነት ነው። ሌንሱን አዙሩና የመግጠሚያውን ቀለበት ጠርዝ እዩ። ቀይ ክብ ነጥብ ካለው ኢኤፍ ነው፤ ለሙሉ ፍሬም የተሠራ። ነጭ ካሬ ካለው ኢኤፍ-ኤስ ነው፤ ለአነስተኛ ሴንሰር የተሠራ፣ ከ600ዲ፣ 700ዲ እና 70ዲ ጋር በካርቶን የሚመጣው 18-55 እና 18-135 የሚባለው። አዳፕተሩ ላይ ቀዩም ነጩም ምልክት ስላለ ኢኤፍ-ኤሱም ይገጠማል፤ ነገር ግን አር6 ወዲያው ምስሉን በ1.6 እጥፍ ይቆርጠዋል። 20 ሜጋ ፒክስል የነበረው ወደ 8 ገደማ ይወርዳል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ነጭ ካሬ ብቻ የሆነ ሰው ለሙሉ ፍሬም የሚሆን ሌንስ የለውም ማለት ነው፤ ከዜሮ እንደሚጀምር አድርጎ ያስላ።

ይኸው ኢኤፍ ሌንስ ሶኒ ላይም በአዳፕተር ይገጠማል። ሲግማና ሜታቦንስ የሚሠሯቸው አሉ። ለፎቶ፣ ሰው ቆሞ ከሆነ፣ ያስኬዳሉ። ለቪዲዮ ግን አልመክርም። ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው ወደ ካሜራው ሲመጡ ፎከሱ ይዘላል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል፤ ያ ቅጽበት ደግሞ አይደገምም። ሶኒ የሚገዛ ሰው የኢኤፍ ሌንሱን ሽጦ የሶኒ ሌንስ እንደሚገዛ አድርጎ ከመጀመሪያው ቢያቅድ ይሻለዋል።

የዮንግኑ ሌንስ ያላችሁ ደግሞ አዳፕተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ገጥማችሁ ሞክሩት። አንዳንዶቹ የካኖንን ትእዛዝ በግምት የሚከተሉ ስለሆኑ ሚረርለስ ላይ ፎከስ ይፈልጋሉ፣ አንዳንዴም ካሜራው ሌንስ እንደሌለ ይቆጥራቸዋል።

ከዜሮ ለሚጀምር

ቦርሳው ባዶ ለሆነ ሰው ነገሩ ይገለበጣል፣ ሶኒ እዚህ ጋ ጉልበት ያገኛል። ሶኒ የሌንስ መግጠሚያውን ለሌሎች ኩባንያዎች ስለከፈተ ታምሮን፣ ሲግማ፣ ሳምያንግና ቪልትሮክስ ለሱ የሚሆን ሙሉ ፍሬም ሌንስ በአውቶ ፎከስ ይሠራሉ። ለሰርግ ሥራ የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ብቻውን ከሙሽሪት ቤት እስከ አዳራሽ ይዘልቃል፤ የመጀመሪያው ትውልድ 550 ግራም ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ መዋልም አይከብድም። በላዩ ላይ 85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሲጨመር ሥራው በሁለት ሌንስ ይሟላል። ካኖን በአንጻሩ አርኤፍ መግጠሚያውን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ነው የቆየው፤ በ2024 ሲግማና ታምሮን የተፈቀደላቸውም ለአነስተኛው ሴንሰር የሚሆኑ ሌንሶችን ነው፣ እነሱ ደግሞ አር6 ላይ ምስሉን ያስቆርጣሉ።

ያም ሆኖ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ካኖንን ጨርሶ አይተው። ብዙ ሰው ዲኤስኤልአሩን እየሸጠ ስለሆነ ያገለገለ ኢኤፍ ሌንስ ገበያው ላይ እየበዛ ነው። አር6፣ አዳፕተር፣ ያገለገለ 24-70 ኤፍ 2.8 ተብሎ የሚሰላው ሂሳብ ከሶኒው ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ለቪዲዮ ሲታሰብ ግን የሌንሱን ሞተር መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤስቲኤም የሚል ጽሑፍ ያለበት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ፎከሱም እየለሰለሰ ይሄዳል። የድሮው 85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ዩኤስኤም ለፎቶ ግሩም ነው፤ ካሜራው ላይ በተሰካ ማይክ ሲቀረጽ ግን የሞተሩ ድምፅ ይገባል።

የደሴ አየርና የኮምቦልቻ ሙቀት

በቪዲዮ አር6 ከሶኒው በግልጽ ይበልጣል፤ በመካከላቸው የሁለት ዓመት ልዩነት አለ፣ ይታያልም። አር6 4ኬን በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል)፣ በ10 ቢት (ከ8 ቢት በበለጠ የቀለም ደረጃ) ይቀርጻል። ሶኒው 4ኬ ላይ ከ30 ፍሬም አያልፍም፣ ቀለሙም 8 ቢት ነው። ጭፈራን በ4ኬ አዝግሞ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ሶኒው ላይ ወደ ፉል ኤችዲ ለመውረድ ይገደዳል። የቪዲዮ ፎከሱም ይለያል፤ አር6 ቪዲዮ ላይ ዓይንን ይከታተላል፣ ሶኒው ግን ዓይንን የሚከታተለው ፎቶ ላይ ነው፣ ቪዲዮ ላይ ፊትን ብቻ ነው የሚይዘው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ያደረገች ሙሽሪት ጎን ለጎን ስትሄድ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታወቃል።

የአር6 ዕዳ ሙቀት ነው። ካኖን የሰጠው ቁጥር በ23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሲሆን፣ 4ኬ በ25 ወይም በ30 ፍሬም 40 ደቂቃ ገደማ፣ በ50 ወይም በ60 ፍሬም 30 ደቂቃ ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ንፋስ የሚወርድበት ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ነው፣ ስለዚህ ደሴ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ብዙም ላያየው ይችላል። ከሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ግን ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ዳስ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከውጭው ይብሳል። ጠዋት ደሴ ላይ ሙሽሪትን ሲያነሳ ያልታየ ችግር ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ስክሪኑ ላይ የሙቀት ምልክት ሆኖ ይመጣል። አንዴ ከዘጋ በኋላ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ አምስት ደቂቃ ማሳረፍ ሙሉውን ሰዓት አይመልስም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ አስቀድሞ ማወቅን ነው የሚጠይቀው። ረጅሙን ነገር፣ ኒካሁን ወይም የሽማግሌዎቹን ምርቃት፣ በፉል ኤችዲ ቅረጹ፤ እዚያ ላይ ሙቀቱ እምብዛም አያስቸግርም። 4ኬን ለአጫጭር ቀረጻ አቆዩት። ስክሪኑን ከጀርባው አላቅቃችሁ ወደ ጎን ክፈቱት፤ ካሜራው ሙቀት የሚያወጣው በጀርባውም ነው። በሁለት ቀረጻ መካከል ካሜራውን አጥፉት፣ በተጠባባቂ ሁኔታ ላይ እያለም ይሞቃልና። ሶኒው በዚህ በኩል ይረጋጋል፤ ሜኑው ውስጥ ሲሞቅ የሚዘጋበትን መጠን የሚወስን ምርጫ አለ፣ ከፍተኛው ላይ አድርጉት። ሁለቱም ግን አንድን ቀረጻ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያቋርጣሉ። ስታንድ ላይ አቁሞ ዞር የሚል ሰው በየ25 ደቂቃው ተመልሶ እንደገና ማስነሳት አለበት።

የእጅ ቀረጻ ላይ አር6 ይሻላል። ካኖን ማረጋጊያውን ከተወሰኑ ሌንሶች ጋር እስከ 8 ስቶፕ (የማረጋጊያ ደረጃ) ይለዋል፣ ሶኒ የራሱን 5 ስቶፕ። ቆሞ ለሚቀርጽ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። እየተራመዱ በሰፊ ሌንስ ሲቀርጹ ግን አር6 ላይ የምስሉ ማዕዘኖች እንደ ጄሊ ይወዛወዛሉ፤ ለዚያ ጊምባል (ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋ መያዣ) ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ምን ይላል?

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሌንሱ ቀጥሎ ወሳኙ ነው እላለሁ። ሶኒው 4ኬ ሲቀርጽ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ያወጣል፤ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ማለት ነው። 64 ጊጋ ካርድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይይዛል። ካኖኑ በመደበኛው 4ኬ በ25 ፍሬም 120 ሜጋ ቢት ላይ ነው፤ በሰዓት 54 ጊጋ። ወደ 10 ቢት ሎግ (ቀለሙ ኤዲት ላይ እንዲስተካከል ደብዘዝ ብሎ የሚቀረጽ) ሲቀየር 170 ይሆናል፣ በሰዓት 76 ጊጋ ገደማ። በ50 ፍሬም 10 ቢት ከሆነ ደግሞ 340 ሜጋ ቢት፤ በሰዓት 153 ጊጋ። ሦስት ሰዓት ጥሬ ቪዲዮ የሚወጣበት ሰርግ በሶኒው 135 ጊጋ ሲሆን በካኖኑ በ10 ቢት 25 ፍሬም 230 ጊጋ ይደርሳል። በዓመት የሚሠራውን ሰርግ አባዙትና የሃርድ ዲስክ ወጪውን ከካሜራው ዋጋ ላይ ደምሩት።

ከቦታው ይልቅ የሚከብደው ግን መክፈቱ ነው። የአር6 10 ቢት ፋይል ኤች 265 በ4፡2፡2 ቀለም ነው። ይህን ዓይነት ፋይል ሳይንተባተብ ለማጫወት ኮምፒውተሩ በቺፑ ደረጃ የሚፈታ አካል ያስፈልገዋል። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ ግራፊክሳቸው አብሮ የተሠራ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና የአፕል ኤም ቺፕ ያላቸው ማኮች ይፈቱታል። የቆዩት የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ግን፣ ለጌም ምንም ያህል ፈጣን ቢሆኑ፣ ይህን አይፈቱም። 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ፋይሉን ታይምላይኑ ላይ ሲያስቀምጠው ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ብቻ ይሄዳል። ያኔ እያንዳንዱን ፋይል ወደ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ ወደሚሆን ቀላል ቅጂ) መቀየር የግድ ነው፤ ሥራው ይሆናል፣ ግን ሌሊቱን ይወስዳል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና። የሶኒው ኤች 264 ባለ 8 ቢት ፋይል በአብዛኛው መካከለኛ ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል። አር6 ገዝቶ ኮምፒውተር መቀየር የማይችል ሰው ሎጉን አጥፍቶ በ8 ቢት ይቅረጽ፤ የካሜራው ሌላው ጥቅም አይቀርበትም።

በፎቶ በኩልም እንዲሁ ነው። እስካሁን ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 ላይ የሚሠሩ ፎቶ ቤቶች አሉ። ያ ፕሮግራም የሁለቱንም ካሜራ ሮው (ጥሬ የፎቶ ፋይል) አይከፍትም፤ የሶኒውንም የካኖኑንም። የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር በነፃ የሚወርድ ስለሆነ ፋይሎቹን በሱ ቀይሮ መክፈት ይቻላል።

ሶኒው ላይ ኤስ-ሎግ 3 የሚጠቀሙ ሰዎች ሰማዩ በመስመር በመስመር የሚሰነጣጠቅባቸው 8 ቢት ለዚያ ፕሮፋይል ስለማይበቃ ነው። ቀለል ያለ ፕሮፋይል፣ ለምሳሌ ሲኔ 4 ወይም ኤችኤልጂ፣ ለዚህ ካሜራ ይሻላል።

ብርሃን፣ መብራት፣ ባትሪ

ሐይቅ ዳር በፀሐይ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ሙሽሮችን ማንሳት ለማንኛውም ካሜራ ፈተና ነው፤ ነጩ ቀሚስ ይቃጠላል ወይ ፊቱ ይጠቁራል። ሥራው ነጩን አድኖ ጨለማውን ኤዲት ላይ ማንሳት ነው። ሶኒው ፎቶ ላይም ዜብራ (ሊቃጠል በደረሰው ቦታ ላይ የሚታይ ሰረዝ ሰረዝ) ስለሚያሳይ ጥበቡ ሊቃጠል ሲል ከማንሳታችሁ በፊት ታዩታላችሁ፤ አር6 ዜብራውን የሚያሳየው ቪዲዮ ላይ ስለሆነ ፎቶ ላይ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) መከተል ያስፈልጋል። ጨለማውን በማንሳት በኩል ሶኒው በትንሹ ይበልጣል። ሶኒው ሌላም ባሕርይ አለው፤ አይኤስኦ 640 ላይ ሴንሰሩ ወደ ሁለተኛው የማጉያ ደረጃ ይሸጋገራል። ስለዚህ 500 ላይ የተነሳ ፎቶ ጨለማው ኤዲት ላይ ሲደምቅ ከ640ው የበለጠ ሊሻክር ይችላል። 400 እና 500 ላይ ከመቆም 640 ብሎ ማለፍ ነው።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን ካኖን ይቀድማል። ሻማ ብቻ ሲበራ፣ የአዳራሹ መብራት ለጭፈራ ሲደበዝዝ፣ አር6 ፎከስ የሚይዝበትን ጨለማ ሶኒው ይፈልግበታል። በካኖን መግለጫ እስከ ሲቀነስ 6.5 ኢቪ (የብርሃን መለኪያ፣ ባነሰ ቁጥር ጨለማው ይብሳል)፣ በሶኒው እስከ ሲቀነስ 3 ተብሎ ተጽፏል። የተለኩት በተለያየ ሌንስ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት፤ ቅደም ተከተሉ ግን ልክ ነው።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ቪዲዮ በ25 ፍሬም፣ ሹተሩ 50ኛ ወይም 100ኛ ሰከንድ ላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል። ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ሶኒ ኤንቲኤስሲ ላይ ተደርጎ ሊመጣ ስለሚችል ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፓል ቀይሩት። ካርዱ ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል፣ ያለበትን ፋይል መጀመሪያ አውርዱ። በሁለቱም ካሜራ ድምፅ አልባው ሹተር ለቤተ ክርስቲያን ምቹ ቢሆንም በዲኮር ኤልኢዲ ሥር ፎቶውን ዝንጉርጉር ያደርገዋል፤ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚያነብ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሜካኒካሉን ተጠቀሙ።

በባትሪ የሶኒው ኤንፒ-ኤፍዜድ 100 ጎልቶ ይበልጣል። በመደበኛው የሲፓ (የካሜራ አምራቾች ማኅበር) መለኪያ በቪውፋይንደር 610 ፎቶ ነው፤ አር6 ኃይል በሚቆጥብበት ሁኔታ እንኳ 380። ሥራ ላይ ሁለቱም ከዚህ በላይ ይሰጣሉ፣ ንጽጽሩ ግን አይቀየርም። መብራት በሚቆራረጥበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካኖን ግን ሌላ መልስ አለው፤ ከማርክ 2 ጀምሮ በ6ዲ፣ በ70ዲ፣ በ80ዲ የሚገባው ያው የኤልፒ-ኢ6 ቤተሰብ ባትሪ አር6 ውስጥም ይገባል። ቤት አራት የድሮ ባትሪ ያለው ሰው ቀኑን ይጨርሳል። ሁለት ነገር ይወቅ፤ በድሮው ባትሪ በሰከንድ 12 ፎቶ የሚለው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ‹ኤን› የሌለው የመጀመሪያው ኤልፒ-ኢ6 ደግሞ በዩኤስቢ ቻርጅ አይደረግም። አር6ን በፓወር ባንክ ቻርጅ ለማድረግ ፓወር ባንኩ ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚል መሆን አለበት፤ ተራው ላይ ሲሰካ ዝም ይላል። ሶኒው በተራውም ይሞላል።

ፍላሽም እንደ ሌንስ ቦርሳውን ይከተላል። የካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ሲሠራ የኖረ 580 ወይም 600፣ ወይም ‹ሲ› የሚል ጎዶክስ አር6 ላይ እንዳለ ይሠራል። ሶኒው ላይ ለቲቲኤል (ፍላሹ ኃይሉን በራሱ ለሚመጥንበት አሠራር) እና ለፈጣን ሹተር ‹ኤስ› የሚለውን ዓይነት መግዛት ግድ ነው፤ ትሪገሩም እንደዚሁ።

ሱቅ ላይ የሚደረገው

ስለዚህ ቀይ ነጥብ ያላቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ደህና ሌንሶች ያሉት ሰው አር6 ይግዛ፤ ሶኒው በዋጋ ቢቀንስ እንኳ ሌንሱ ይበላዋል። ከዜሮ የሚጀምር፣ በዋናነት ፎቶ የሚያነሳ፣ ኮምፒውተሩም የቆየ ሰው ሶኒውን ይያዝ። ከዜሮ ጀምሮ በዋናነት ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ላይ ብቻ ነው እኔም የማመነታው፤ ኮምፒውተሩ ከቻለ ወደ አር6 አደላለሁ።

የተወሰነው ተወስኖ ሱቅ ሲገባ የራሳችሁን ካርድና ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። ሶኒ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሜኑውን ቋንቋ እዩ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ ሶኒ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የለውም፣ እንግሊዝኛም ጭምር፤ ዋጋው ከሌሎቹ የሚቀንስበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ፤ አውቶ ፎከሱን አጥፉት። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ ጥቁር ጠብታ ካለ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀጭን መስመር ካለ ጭረት ሊሆን ይችላል፣ ተዉት። ክዳኑን ገጥማችሁ በአይኤስኦ 3200 አንድ ፎቶ አንሱና ቀይ ወይም ነጭ ነጥቦች እዩ። ሌንስ አውጥታችሁ የሹተሩን ምላጮች በዓይን ብቻ መርምሩ፣ በጣት አትንኩ። የሶኒው ሹተር ለ200 ሺህ፣ የካኖኑ ለ300 ሺህ ፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው። ሶኒው ላይ ቁጥሩ ከፎቶ ፋይሉ ሊነበብ ይችላል፤ ካኖኑ ላይ በገመድና በፕሮግራም ነው።

አር6 ሲጠፋ ብታነቃንቁት ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። አትደንግጡ፤ ሴንሰሩ ተንሳፋፊ ስለሆነ ኃይል ሲጠፋ ይላላል። ሲበራ መቆም አለበት፤ በርቶም ካንኳኳ ማረጋጊያው ተበላሽቷል። የሚዞረውን ስክሪን ቀስ ብላችሁ እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ ምስሉ የሚቆራረጥበት ማዕዘን እንዳለ ተከታተሉ፤ የሪባን ገመዱ መድከሙን የሚናገረው ያኔ ነው። የሁለቱም ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ማይክሮ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ስለሆነ ሞኒተር ሲሰካበት የኖረ ካሜራ ላይ ቶሎ ይላላል፤ ገመድ ሰክታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ ሞክሩ።

አብሮት ሌንስ የሚገዛ ከሆነ በስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ በፊት በኩል ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። የደሴ ክረምት ጉምና እርጥበት ለዚህ ምቹ ነው፤ ወራት በቦርሳ ተዘግቶ የተቀመጠ ሌንስ ላይ ቶሎ ይወጣል፣ እያደርም የመስታወቱን ሽፋን ይበላል። ከበድ ያለ ጥገና ወደ አዲስ አበባ መላክን ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለውን በቅናሽም ቢሆን አልወስድም። ሂሳብ ስትከፍሉ የካሜራው ቀፎ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አይታችሁ፣ ደረሰኙ ላይ በእጅ አስጽፉት፤ አዳፕተርም ካለበት ስሙን ለብቻው በአንድ መስመር።